የኪዳነ ምሕረት ዳቦ

እማዬ በየወሩ በ16 ትደውላለች። የመጀመሪያ ቃሏ "መሰከርሽ?" ነው። ስለት ነበረብኝ። ዓመታት ዘገየሁ።

ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት። የምንኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው፤ ዳላስ አጠገብ፣ አበሻ የሞላበት ከተማ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከኦቨኑ ጋር ስትታገል ውላ ድፎ ጋገረች። (ኮባ ስለሌለ በፎይል ነው። እስከ ዛሬ "እሱም ዳቦ ተብሎ!" ትላለች።)

ባለቤቴ የማታ ፈረቃ ነበረው፤ ጎረቤት ከተማ ራውሌት። 12፡30 ላይ ቁልፉን ይዞ ሊወጣ ሲል እማዬ በሩ ላይ ቆመች።

"የእመቤቴን ዳቦ ሳትቀምስ አትወጣም!"

እኔ በሸቅኩ። ረፍዶበታል፤ ባለፈው ሳምንትም በማርፈዱ ተቆጥተውታል። እሱ ግን አማቱን እምቢ አይልም። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

አባታችን ሆይ እያልን ስልኮቻችን እኩል ጮኹ። ከውጭ የቶርኔዶ (የአውሎ ነፋስ) ማስጠንቀቂያ ሳይረኑ ቀጠለ። እዚህ ሳይረን ሲጮህ ብዙም አንደነግጥም። ያን ቀን ግን ባለቤቴ በመስኮት አይቶ ፊቱ ተለወጠ። እማዬን አንጠልጥለን መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገባን፤ ፍራሽ ከላያችን አደረግን። መብራት ጠፋ። ጆሮዬ ተደፈነ። እማዬ "ወፍጮ ቤት የገባን መስሎኝ ነበር" ትላለች፤ ለድምፁ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። በጣቷ እየቆጠረች "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ትላለች። እኔ አሥራ ሁለት ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ። "ኪዳነ ምሕረት፣ እነዚህን ሁለቱን አትርፊልኝ፤ በሰው ፊት እመሰክራለሁ" አልኩ።

ስንወጣ የእኛ ጣሪያ አለ። ሁለት መንገድ ወዲያ ያሉት ቤቶች የሉም። ዛፎቹ ላይ ከግድግዳ የወጣ ሮዝ ጥጥ ተንጠልጥሏል። እማዬ ድፎውን በነጠላዋ አቅፋ ወጣች። በባትሪ ብርሃን እየቆረሰች ለፈረንጅ ጎረቤቶቻችን አደለች። አንዷ ፒጃማ ለብሳ፣ በባዶ እግሯ ቆማ፣ እያለቀሰች በላች።

ሌሊት ላይ ሰማን። የቶርኔዶው ነፋስ በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። 10 ሰው ሞቷል። አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ፤ አይ-30 እና የጆርጅ ቡሽ አውራ ጎዳና በሚገናኙበት ድልድይ ላይ። ከነመኪናቸው ነው ያነሳቸው። ሰዓቱ 12፡45 አለፍ ብሎ። ባሌ ሥራ ሲሄድ የሚያልፍበት ድልድይ ነው፤ የሚያልፍበትም ሰዓት።

ያዘገየኝ ይኸው ነው። እነሱም እናት አላቸው። እነሱስ ሳይጸልዩ ይቀራሉ? "አተረፈችልኝ" ልል በተነሳሁ ቁጥር አፌ ይያዛል። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "የእነሱን እኔም አላውቅም። ያንቺን ግን ጭጭ አትበይ፤ ተስለሻል" አሉኝ።

ባለቤቴ ዛሬም በዚያው ድልድይ ነው የሚሄደው። እኔ አብሬው ካለሁ፣ እዚያ ስንደርስ ሬዲዮውን ያጠፋዋል።