ደንገጎ ላይ የቆምንበት ጠዋት

ድሬዳዋ ያደርኩበት ሌሊት ለእንቅልፍ የሚሆን አልነበረም። መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ። ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ስገላበጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ሌላው ተመስገን ይላል። እኔ ግን ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያደግሁት። ሌሊት ዝናብ ስሰማ ጆሮዬ ወደ ጓሮ ይሄዳል።

ጠዋት የደቻቱን ወንዝ አየሁት። ትናንት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ነበር፤ ዛሬ ቡናማ ውሃ ይጋልብበታል። ፈቲራ የምትሸጠው ሴትዮ «የኛ ዝናብ እንዳይመስልሽ፣ ከላይ ከተራራው ነው የሚመጣው» አለችኝ። በ1998 ክረምት ያ ውሃ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እሷም ስታወራ ዓይኗን ከወንዙ አልነቀለችም።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ለሻንጣዬ 100 ብር ጨመረብኝ። ለምን ስለው «አቦ፣ ዝናብ ነው እኮ!» ዝናቡና ሻንጣዬ ምን አገናኛቸው? ከፈልኩ፤ እስከ ዳገቱ ግን አልበረደልኝም።

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። እኛ ግን ደንገጎ ዳገት ላይ ቆምን። አፈርና ድንጋይ ግማሹን መንገድ ዘግቶታል፤ ሎደር እየተጠበቀ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። አንዳንድ ተሳፋሪ በናዳው ሥር በእግሩ ሊያልፍ ተነሳ። እኔ ጮህኩ። ዝናብ ቆመ ማለት ውሃው ከአፈሩ ወጣ ማለት አይደለም። ገና ወደ ውስጥ እየሰረገ ነው፤ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ የሚንሸራተት አለ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ውስጥ በናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች ላይ ነው ሌላ ናዳ የወረደው። ይህን ስናገር አንዲት ጠና ያሉ እናት ክንዴን ይዘው «እውነቷን ነው፣ ተቀመጡ» አሉ። ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝ። ሰዉ ተቀመጠ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከናዳው ራቅ ብሎ፣ አንድ ገበሬ ከጫት ማሳው በላይ ዶማ ይዞ ይቆፍራል። አንድ የድሬ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖኝ ወጣሁ። መሬቱ ላይ ጣቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ መሃል አንዲት ቀጭን ሥር እንደ ክር ተወጥራለች፤ አንደኛው ጫፏ እዚህ፣ ሌላው እዚያ። ገበሬው ስንጥቁን በጭቃ እየሞላ በእግሩ ይረግጣል። ከላዩም ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ያወጣል። «ውሃ እዚህ ከገባ እርከኑን ይዞት ይሄዳል» አለ።

ልክ ነው። ዱቄትን አስቡት። ትንሽ እርጥበት ሲነካው ይያያዛል፤ ውሃ ሲበዛበት ቀጥኖ ይፈሳል። አፈርም እንዲሁ ነው። ተዳፋት ላይ የሚያቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው መፋተጋቸው ነው። ክፍተቱን ውሃ ሲሞላው ቅንጣቶቹን ይገፋቸዋል፣ ፍትጊያው ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ የአፈሩ ክብደት ይጨምራል። ዶፍ ዝናብ ላይ ላዩን ይልጠዋል። ቀናት ሙሉ ቀስ ብሎ የሚዘንበው ደግሞ ጠልቆ ገብቶ ትልቁን ክፍል ያንቀሳቅሳል። መንገድ ለመሥራት የተዳፋቱ እግር ሲቆረጥማ ደጋፊው ሄደ ማለት ነው።

የኛም ጓሮ እንዲህ ነው የሄደው። የድጋፍ ግንቡ ወፍራም ነበር። ግን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን «አያምሩም» ብለን በሲሚንቶ ደፈንናቸው። በሁለተኛው ክረምት ከኋላ የተጠራቀመው ውሃ ግንቡን እንዳለ ገፍቶ ጣለው። ኩሽናችን አብሮ ሄደ። እናቴ ከአምስት ደቂቃ በፊት ነበር የወጣችው።

ሎደሩ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሐረር ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ጀጎልን ዞርኩ፣ ቡና ጠጣሁ፣ በደንብ ተኛሁ።

ስመለስ ደንገጎ ላይ ሾፌሩን ለምኜ ወረድኩ። ቦዩ ተጨርሷል፤ ድፍርስ ውሃ ከማሳው ውጪ ባለው ድንጋይ ላይ ይወርዳል። እዚያው ቆሜ ደሴ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ዘነበ?»

«ሦስት ቀኑ።»

«የአዲሱ ግንብ ቀዳዳዎች ውሃ ያወጣሉ?»

ዝም አለ። ከዚያ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ።

«ሁለቱ ያወጣሉ፤ ሦስቱን አፈር ደፍኗቸዋል» አለ።

«ብረት አምጣና ክፈታቸው። ፊት ለፊት እንዳትቆም፣ ከጎን ሆነህ። እማማን ግን አስቀድመህ ከጓሮው ራቅ ወዳለው ክፍል አስገባት።»