ኦሮማይን ለመጨረስ በእጄ የገለበጥኳቸው 16 ገጾች

ባለፈው ክረምት ሁለት ልብ ወለድ አንብቤ አንድ ፊልም አየሁ። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ መጽሐፍ ጀምሮ መተው ልማድ ሆኖብኝ ስለነበር ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከሳምንት በላይ ባልተንገላታሁ።

የጀመርኩት በፍቅር እስከ መቃብር ነው። የአማርኛ መምህሮቻችን መጀመሪያ መጽሐፉን አንብቡ፣ የሬዲዮ ትረካውን በኋላ ስሙ ይሉን ነበር። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው። የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ በጆሮው የያዘ አንባቢ ግን የት መተንፈስ እንዳለበት ያውቃል። ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያነሣል፤ ቢበዛ ጉዱ ካሳን ይጨምራል። እኔን የያዘኝ መግቢያው ነው፦ የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ። ልጃቸውን ለእግዚአብሔር የተሳሉት እነርሱ ናቸው። ይህን ክፍል ዘልሎ ወደ ፍቅሩ የሚሮጥ ሰው የበዛብህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ በምን ይገባዋል? ከፊታውራሪ መሸሻ ኩራት በፊት መንገዱን የዘጋው የወላጆቹ ስለት ነው።

ፊልሙ የኃይሌ ገሪማ ጤዛ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ተሸልሟል። በአንድ ጊዜ ካላያችሁት አትጀምሩት። አንበርብር ከጀርመን አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ ታሪኩ በትዝታው እየተሰባበረ ነው የሚመጣው። እኔ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶብኝ በማግስቱ ቀጠልኩ፤ ግማሹን እንደገና ማየት ግድ ሆነብኝ። የመንደሩ ክፍል እናትየዋ በገባች ቁጥር ልብ ይነካል። የጀርመኑ ክፍል ግን እንደ ስብሰባ ንግግር ይረዝማል።

አሁን የሁለተኛውን ልብ ወለድ፣ የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ነገር ልናገር።

የገዛሁት መንገድ ዳር ከሚሸጥ አሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ነው። ሽፋኑን አየሁ፣ ዋጋ ተከራከርኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገጹን አልቆጠርኩም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አስመራ ገባ፣ ፊያሜታን አገኘ፣ እኔም ሦስት ሌሊት ሳልተኛ አነበብኩ። ወደ መጨረሻው ስቃረብ አንድ ገጽ ገለጥኩና ከሁለት ቀን በፊት ያነበብኩት ንግግር ተመልሶ መጣ። በዓሉ ግርማ ሆን ብሎ የደገመው መስሎኝ ሁለት አንቀጽ ዘለቅኩ። ከግርጌ ያለውን ቁጥር ሳይ ነው የገባኝ። አንድ ትልቅ ወረቀት ተጣጥፎ የሚሰጠው 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ተጠርዟል፤ በቦታው መሆን የነበረበት ሌላው 16 ገጽ የለም።

ነጋዴው «ተሽጦ የሄደ አይመለስም» አለኝ። በእጁ የቀሩትን ሁለቱን ገልጬ አየኋቸው፤ ጉድለታቸው አንድ ነው። የጠየቅኳቸው ሦስት መደብሮችም መጽሐፉ አልነበራቸውም። ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቀን የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ከመሥሪያ ቤቴ አጽፌ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። ኃላፊው ደብዳቤውን አንብቦ «ለጥናት መሆኑን አይገልጽም» አለ። እንደገና አጽፌ ስመጣ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ልብ ወለድ ለመጨረስ ብቻ ከሆነ እዚህ ድረስ ምን ያመጣዎታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጥያቄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው በመንግሥት ትእዛዝ ከየመደብሩ የተለቀመ ነው። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሰው ሕይወቱን የከፈለበትን ታሪክ ለመጨረስ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ምን ምክንያት ሊያቀርብ ይገባል? ይህን ፊት ለፊት ልለው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «ለጥናት ነው» ብዬ ዋሸሁ። የጸጸተኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡም ምልልሱም አይደለም።

መጽሐፉ መጣ። ፎቶ ኮፒ ክልክል፣ ስልክ ክልክል፣ እስክሪብቶና ወረቀት ግን ይፈቀዳል። ገጾቹን እዚያው አንብቤ መውጣት እችል ነበር፤ የእኔ መጽሐፍ ጎደሎ እንዲቀር ግን አልፈለግኩም። ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ 16ቱንም ገጽ በእጄ ገለበጥኩ። ጣቴ ላይ የእስክሪብቶው ምልክት ለቀናት አልጠፋም።

በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው ብል አላጋነንኩም። ማወቁንማ በፊትም አውቅ ነበር። በእጅ ሲገለበጥ ግን ዓረፍተ ነገሩ እንዴት አጭር እንደሆነ ክንድ ይናገራል፦ ትጽፋለህ፣ አራት ነጥብ፤ ትጽፋለህ፣ አራት ነጥብ። አንድም ቃል ልዝለል ብዬ የዘለልኩት የለም፤ የሚዘለል አጣሁ። ፍቅር እስከ መቃብርን እንዲህ ብገለብጠው አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ግማሽ ገጽ በወሰደብኝ ነበር። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ድጋሚ የማነበው ግን ኦሮማይን ነው።

አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ነጋዴው ፊት ቆማችሁ የገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተሉ። ቢቆጣም ይቆጣ። መግቢያውንና የጀርባ ሽፋኑን ከማንበብ ይህ ይቀድማል። ቤተ መጻሕፍት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ላይ «ለጥናት» የሚለው ቃል መኖሩን አረጋግጡና ሂዱ፤ ሲጠይቋችሁ ግን ለማንበብ ነው በሉ።

የተደገሙትን ገጾች በምላጭ ቆርጬ አወጣሁና የእኔን ጽሑፍ በቦታው በነጭ ክር ሰፋሁት። አሁን ወንድሜ ወስዶ እያነበበው ነው።