ፍላሹን መበተን

ሰሞኑን የሌሊት ተረኛ ስሆንና ሥራ ሲቀዘቅዝ ቪዲዮ ፖከር የሚባለውን የካዚኖ ማሽን የካርታ ጨዋታ እለማመዳለሁ። በብር አይደለም። ስልኬ ላይ ያለው መለማመጃ ነጻ ነው፣ ስሳሳት ቀይ ያበራና ትክክለኛውን ያሳየኛል። ሆቴላችን ጣና ዳር ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከቢምቢ በስተቀር የሚረብሸኝ የለም። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን አይቼ አላውቅም። ጎበዝ መሆን ግን በጣም እፈልጋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ለራሴም ግልጽ እንዲሆንልኝ ነው የምጽፈው።

ያስጀመረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። ለእረፍት መጥቶ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን ሳለ፣ “አንቺ ሒሳብ ትወጂ የለ? ና ብሎ የሚጠራሽን ማሽን ሁሉ እንዳታምኚ አንድ ነገር ላሳይሽ” አለኝና ሶፍት ላይ የቪዲዮ ፖከርን የክፍያ ሰንጠረዥ ጻፈልኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ማሽኑ አምስት ካርታ ያወጣል። የፈለጋችሁትን ትይዛላችሁ፣ የቀረውን ትጥላላችሁ፣ በጣላችሁት ምትክ አዲስ ይሰጣችኋል፣ በመጨረሻ እጃችሁ ላይ ባለው የካርታ ጥምረት ይከፍላችኋል፣ አለቀ። ተቃራኒ የለም፣ ፊት ማንበብ የለም። ለእያንዳንዱ ጥምረት የሚከፍለው ዋጋ ማሽኑ ፊት ላይ ተጽፎ ይታያል። ኔቫዳ ውስጥ ደግሞ የሚወጣው ካርታ ዕድሉ በእጅ ከሚበወዝ ካርታ ጋር እኩል እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ያየ ሰው ሁሉንም ነገር ማስላት ይችላል።

ጃክስ ኦር ቤተር የሚባለውን፣ ከጃክ ጥንድ ጀምሮ የሚከፍለውን ዓይነት ውሰዱ። ለፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ) የውርርዱን 9 እጥፍ፣ ለፍላሽ (አምስቱም አንድ ዓይነት) 6 እጥፍ የሚከፍለው ማሽን ያለ ስህተት ለሚጫወት ሰው በረጅም ጊዜ ከ100 ብር 99 ብር ከ54 ሳንቲም ይመልሳል። ጎኑ ያለው፣ ቁርጥ እሱን የሚመስለው፣ 8 እና 5 የሚከፍለው ደግሞ 97 ብር ከ30 ብቻ። ልዩነቱ ሁለት መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ጋሼ እንዳለኝ ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እስኪነሳ ድረስ እነዚያን ቁጥሮች ቀና ብሎ አያያቸውም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሌሊት የቀይ ልብ ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ እና 4 መጣልኝ። አምስቱም ልብ ናቸው፣ ማለትም ፍላሽ ነው፣ ሳልነካው 6 ይከፍለኛል። ትክክለኛው ጨዋታ ግን 4ቱን መጣል ነው። መጀመሪያ አላመንኩም፣ ወረቀት አውጥቼ ቆጠርኩት። የቀሩት ካርታዎች 47 ናቸው። አንዷ የልብ 10 ነች፣ እሷ ከመጣች ሮያል ፍላሽ ነው፣ ከ10 እስከ ኤስ በአንድ ዓይነት፣ ከሁሉ ትልቁ፣ ማሽኑ በአንድ ዙር የሚቀበለውን አምስቱንም ፍሬ ሳንቲም ለተጫወተ 800 እጥፍ። 7 ካርታዎች ፍላሹን መልሰው ይሰጡኛል። 3ቱ የሌላ ዓይነት 10ሮች ስትሬት (ተከታታይ አምስት ካርታ) ያደርጉታል፣ 4 ይከፍላል። 12ቱ ትልቅ ጥንድ ይሠራሉ፣ ገንዘቤን ይመልሱልኛል። የቀሩት 24 ባዶ። ደምሬ ለ47 ሳካፍለው 18 ከምናምን መጣ። ከ6 ጋር አይወዳደርም።

24 ከ47 ግን ከግማሽ በላይ ነው! ትክክለኛውን አድርጌ፣ እጄ ላይ የነበረውን ክፍያ በትኜ፣ ከግማሽ በላይ ጊዜ ምንም ሳላገኝ እቀራለሁ ማለት ነው። ያን ሌሊት የመጣልኝ ጥቁር 6 ነበር። መለማመጃው አረንጓዴ አበራ፣ ልክ ነሽ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እስከዛሬ ነገር ሲበላሽብኝ ውሳኔዬም የተበላሸ ይመስለኝ ነበር፣ ሲሳካልኝ ደግሞ ጎበዝ የሆንኩ። ሁለቱን ነጥሎ ማየት የለመድኩት በዚህ ጨዋታ ነው፣ ለዚህም ነው የምወደው።

እንጀራ ይሆናል ወይ? ጋሼን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ከዚህ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው አለኝ። ካዚኖው ለደንበኛ የሚመልሰው ነጥብ አለ፣ ያ ነጥብ ግማሽ ፐርሰንት ቢደርስ 99.54ቱ 100.04 ይሆናል። አሸነፍን! እሺ፣ እናስላው። በአንድ ዙር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ በሰዓት 600 ዙር፣ 750 ዶላር ያልፋል። የ750 ዶላር 0.04 ፐርሰንት 30 ሳንቲም ነው። በሰዓት 30 ሳንቲም፣ ያውም አንድም ስህተት ለማይሠራ ሰው። ሮያሉ ደግሞ በአማካይ ከ40 ሺህ ዙር በላይ አንዴ ነው የሚመጣው፣ በዚያ ፍጥነት 67 ሰዓት ገደማ። ያን ያህል ተጫውተው ከ100 ሰው 37ቱ አንድም ሮያል አያዩም። በእነዚያ ሰዓታት ሁሉ ገንዘቡ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም ከ99.54ቱ ውስጥ 2 ፐርሰንት የሚጠጋው የሮያሉ ድርሻ ነው። ቁጠባ የሌለው ሰው ሮያሉ ሳይደርስለት ያልቅበታል። ስለዚህ እኔ መጎበዙን እንጂ እንጀራውን አልመኝም።

ይኼን ሁሉ ካወቅኩ ወዲህ የሚያናድደኝ የቤቲንጉ ነገር ነው። ታናሽ ወንድሜና ጀልባ የሚነዱት ጓደኞቹ 10 ጨዋታ የተደረደረበት ትኬት ይዘው ይመጣሉ። “ዘንድሮ ፕሮፌሽናል ሆኛለሁ” ይለኛል ወንድሜ፣ የምሩን ነው። ቤቱ ስንት ይወስድብሃል ስለው አያውቅም። በእያንዳንዱ ጨዋታ 5 ፐርሰንት ብቻ ይወስዳል ብንል እንኳ 10 ሲደረደር ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 60 ብር ገደማ ነው። የቬጋሱ መጥፎ ማሽን እንኳ 97 ይመልሳል እኮ! ቁጭ አድርጌ 0.95ን አሥር ጊዜ እንዲያባዛ አደረግኩት፣ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ጣት። ዝም አለ። ቅዳሜ ትኬት አልቆረጠም፣ እሑድ ቆረጠ፣ ግን ባለ ሁለት ጨዋታ። አልተውኩትም፣ ገና እናወራለን።

ጋሼ ሐሙስ ይመለሳል። ቀጥሎ መልመድ የምፈልገው 2ቶቹ ሁሉ ጆከር የሚሆኑበትን ዲውስስ ዋይልድን ነው። ጥሩው ሰንጠረዥ ያለ ነጥብም 100.76 ይመልሳል፣ ግን አሁን ብርቅ ሆኗል። ሲያገኝ የክፍያውን መስመሮች ጽፎ እንዲልክልኝ አደራ ብዬዋለሁ። “ሁሉንም?” አለኝ። አዎ ጋሼ፣ ሁሉንም፣ አንዷም ቁጥር እንዳትቀር።