ካውያዋ እና የመርከብ ላይ ራት

የመጀመሪያው ምሽት ራት ላይ የቀረብኩት ጠዋት ስነሳ ያጠለቅኩትን ልብስ ለብሼ ነው። ጉልበቱ ላይ ቡና የነካው ግራጫ ሱሪ፣ ሰፊ ሹራብ፣ ስኒከር። ለዚያች ማታ ብዬ የገዛሁት ሰማያዊ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሻንጣው ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ሄዳችሁ ለማታውቁ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ወደቡ ላይ ትልልቁን ሻንጣ ለተሸካሚዎች ታስረክባላችሁ። በፍተሻ ማሽን ያልፍና ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ የክፍላችሁ በር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። በሺዎች የሚቆጠር ሻንጣ ስለሆነ አንዳንዱ የሚደርሰው ራት ከተበላ በኋላ ነው። የጎረቤቶቻችን ደረሰ። የባለቤቴም ደረሰ። የእኔና የእማዬ የጋራ ሻንጣ ግን ወፍ የለም።

ከራት ስንመለስ ስልክ ተደወለ። ታች ወዳለው የጥበቃ ክፍል ኑ ተባልን። ወረድን። ሻንጣዎች በረድፍ ቆመዋል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ አንድ ያፈረ ሰው ቆሟል። አንዱ ጠርሙስ ደብቆ ነው የተያዘው፤ ሌላዋ የውሃ ማፍያ። የጥበቃ ሠራተኛው በጨዋነት «ካውያ ይዘሻል?» ሲለኝ «በፍጹም!» አልኩት። እማዬ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ሻንጣው ተከፈተ። በእማዬ የሌሊት ልብስ የተጠቀለለች፣ ገመዷ በሥርዓት የተጠመጠመ ካውያ ብቅ አለች።

«ልብስ ሳይተኮስ ሰው ፊት ይቀረባል እንዴ?» አለች እማዬ። ለእኔ ሳይሆን ለጥበቃው። እኔ አለሳልሼ ተረጎምኩለት።

ካውያ፣ የእንፋሎቱም ቢሆን፣ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው። ምክንያቱ እሳት ነው። ባሕር መሐል እሳት ቢነሳ ሮጦ የሚወጣበት ደጅ የለም። ደረሰኝ ጻፉልን፤ ካውያዋ ስንወርድ ትመለስላችኋለች አሉን። እማዬ ደረሰኙን እንደ ንብረት ካርታ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ይህን ሁሉ የምተርከው ከጉዞው በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ «ራት ላይ ምን ልልበስ?» በሚል ጭንቀት እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። ፊልም ላይ የማያቸው ሴቶች ቀሚሳቸው መሬት እየጠረገ ደረጃ ሲወርዱ ታዩኝ ነበር። በዚያች ቡና በነካው ሱሪዬ ግን አንድ ሰው ዞር ብሎ አላየኝም። የመጀመሪያ ምሽት ማንም አይለብስም። ይህ ደግሞ ዛሬ የመጣ ስንፍና አይደለም። ሰው ውቅያኖስ በመርከብ ብቻ ይሻገር በነበረበት ዘመን፣ ባለ አንደኛ ማዕረጎቹ ሳይቀሩ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ማታ የራት ልብስ አይለብሱም ነበር። ሻንጣቸው አልተፈታም፣ ወይም ታስሯል። ያኔ ሻንጣ ላይ «በጉዞ ላይ የሚፈለግ» እና «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር። የሚፈለገው ወደ ክፍል ይገባል፣ የማይፈለገው ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዳል። ያ ወረቀት ዛሬም ቢኖር ባለቤቴን «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» የሚለውን ሱፍ ልብሱ ላይ ከመለጠፍ ማንም አያስጥለውም ነበር።

የሱፉን ነገር እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ፎርማል ምሽት፣ ሰው ዘንጦ ራት ስለሚቀርብበት ማታ። በሰባት ሌሊት ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አጠር ባለ ጉዞ አንድ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው በአብዛኛው ሁለተኛው ማታ ላይ ይውላል፤ መርከቡ ወደብ ሳይነካ የሚውልበት ቀን ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሻንጣ ደርሷል፣ ሰው ሽርሽር ውሎ አልደከመም፣ ለመሽሞንሞን ሰዓት አለው። የዚያን ማታ ፎቶ አንሺዎች በየደረጃው ሥር መጋረጃቸውን ዘርግተው ይጠብቋችኋል። ስለዚህ «ፎርማል» ሲባል ግማሹ ነገር ፎቶ ነው ባይ ነኝ።

ኩባንያው ይለያያል፤ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ማየት ያለባችሁም ይህንን ነው። አጥባቂው ኩናርድ ነው፤ ኩዊን ሜሪ 2 የምትባለው መርከብ ባለቤት። እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ዘወትርም ቢሆን ደህና መልበስ ይጠበቅባችኋል። ጋላ በሚሉት ምሽት ደግሞ ለወንድ ተክሲዶ (በቢራቢሮ ክራቫት የሚለበሰው የራት ሱፍ) ወይም ጥቁር ሱፍ፣ ለሴት የራት ቀሚስ። አንዳንዱ ጋላ ጭብጥ አለው፦ ጥቁርና ነጭ፣ ወይም ጭምብል። የየሰው ብሔራዊ ልብስም እንደ ፎርማል ይቆጠራል፤ የስኮትላንድ ወንዶች ጉርድ፣ ኪልት የሚሉት፣ ከተክሲዶ ጎን ይቀመጣል። በሌላው ጫፍ ኖርዌጂያን አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ የተመደበ የራት ሰዓትና የግዴታ ፎርማል ምሽት የሚባለውን ነገር ገሸሽ አደረገው። ቨርጂን ቮያጅስም ፎርማል የለውም፤ ቀይ የሚለበስበት አንድ ምሽት ግን አለው። ዲዝኒ ብዙ ጉዞዎቹ ላይ የባሕር ወንበዴ የሚመሰልበት ምሽት ያዘጋጃል። መሐል ላይ ያሉት፣ ካርኒቫልም ሆነ ሴለብሪቲ፣ ፎርማል የሚለውን ቃል ራሱን ትተው «ኤለጋንት» ወይም «ሺክ» ይሉታል። ትርጉሙ፦ ሱፍ ካለህ ልበስ፣ ከሌለህ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ጨርቅ ሱሪ ይበቃል።

በሩ ላይ የሚያስመልሱ ነገሮች ግን የትም ቢሆን ይመሳሰላሉ። የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ለወንድ እጅጌ የሌለው ካናቴራ። ቁምጣ በፎርማል ምሽት አይሞከርም። ጂንስ ያልተቀዳደደ ከሆነ በተራው ምሽት አብዛኛው መርከብ ላይ ያልፋል።

እኔን ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። አብዛኛው መርከብ ላይ ፎርማል የሚሆነው መርከቡ ሁሉ አይደለም። ዋናው የራት አዳራሽ ነው። እዚያው ማታ ላይኛው ፎቅ ያለው ቡፌ ክፍት ነው፤ ሰው በቲሸርት ሰሃኑን ይዞ ይሰለፋል። ባለቤቴ ይህን ያወቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። ያለኝን አልረሳም። «አንቺና እማማ ሂዱ። እኔ ላይ ሆኜ ባሕሩን እያየሁ እበላለሁ።» በሁለቱም ፎርማል ምሽት አደረገው። በቁምጣ። ሱፉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ፣ ከነከረጢቱ፣ ዚፑ ሳይከፈት ሰነበተ። ለምኜ፣ ተለማምጬ ያሸከምኩት ሱፍ ነው እኮ።

አንዴ ቢበሳጭ ብዬ የተክሲዶን ታሪክ ነገርኩት። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ልብስ ሲጀመር የምቾት ልብስ ነበር። ወንዶች ራት ላይ ጅራቱ ረጅም ኮት ያደርጉ በነበረ ጊዜ፣ ጅራቱን ቆርጦ አጭር ማድረግ እንደ መዝረክረክ ይታይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ስሙን ያገኘው ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ ካለው ተክሲዶ ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሀብታሞች መዝናኛ ሆኖ ከተቆረቆረው ሠፈር። «ታዲያ እኔም ቁምጣዬን ከመቶ ዓመት በኋላ ፎርማል ላደርገው ነዋ» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ወደ ሴቶቹ እንምጣ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

እኔ አራት ቀሚስና ሦስት ጫማ ይዤ ሄድኩ። እማዬ አንድ ጥቁር ቀሚስ። ከጉልበት ወረድ ያለ፣ ሲጨብጡት የማይጨማደድ፣ ሹራብ መሳይ ጨርቅ። ከሱ ጋር አራት ሻል፦ ቀይ፣ ብርማ፣ አረንጓዴ፣ አንድ ደግሞ አበባ ያለበት። በየማታው ሻሏን ቀየረች። ሦስተኛው ማታ ላይ አብረውን ጠረጴዛ የሚቀመጡት ሴትዮ «እናትሽ ስንት ቀሚስ ነው የያዙት?» ብለው ጠየቁኝ። እማዬ ስተረጉምላት ሳቋን በናፕኪን ሸፈነችው። «ዝም በያት» አለችኝ።

ሻሉ ለውበት ብቻ አልነበረም። የራት አዳራሹ ይበርዳል። ቀን ፀሐይ ሲጠብሳችሁ ውላችሁ፣ ማታ ትከሻችሁን ገልጣችሁ የአየር ማቀዝቀዣ ሥር መቀመጥ ነው። ራቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰማያዊው ቀሚሴ ትከሻው ክፍት ነው። ሾርባው ሲመጣ ሁለት እጄን ሳህኑ ላይ እንደ ምድጃ ስሞቅ ራሴን አገኘሁት። ጣፋጩ ሳይመጣ የእማዬ አረንጓዴ ሻል እኔ ላይ ነበር።

ስለ ታኮም ልንገራችሁ። መርከቡ ትልቅ ነው፣ አይወዛወዝም ብለውኝ ነበር። እውነት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቃችሁም። የሚታወቃችሁ ቀጭን ታኮ አድርጋችሁ ደረጃ ስትወርዱ ነው። አንድ እርምጃ ታነሳላችሁ፣ ወለሉ በግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። በሁለተኛው ፎርማል ምሽት ነፋስ ነበር። እኔ የደረጃውን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ እወርዳለሁ፤ እማዬ በጠፍጣፋ ጫማዋ ቀድማኝ ወርዳ ታች ትጠብቀኛለች። ወፍራምና አጭር ታኮ ወይም ጠፍጣፋ ጫማ ያዙ። ቀሚሱ ረጅም ከሆነ ማንም አያየውም።

ቁም ሳጥኑ ጠባብ ነው፣ መስቀያውም ጥቂት። ግን የክፍሉ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መንጠቆ ይይዛል። ይህን ከጎረቤታችን ነው ያየሁት፤ ግድግዳቸው የልብስ ሱቅ መስሎ ነበር። ለተጨማደደ ልብስ ደግሞ ያለው መላ ሙቅ ውሃ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ትሰቅሉታላችሁ፣ ገላችሁን ትታጠባላችሁ፣ በእንፋሎቱ ትንሽ ይፈታል። ራስ አገዝ ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ክፍል ያላቸው መርከቦችም አሉ። የእኛው አልነበረውም። ልብሱን ለሠራተኞች ሰጥቶ ማስተኮስ ይቻል ነበር፤ እማዬ ግን «ካውያ ይዤ መጥቼ ለመተኮሻ ልክፈል?» ብላ እምቢ አለች።

አራቱ ቀሚሶቼስ? ሁለቱን ለበስኩ። አንዱ ሻንጣ ውስጥ ቀረ። አራተኛው፣ የሚያብለጨልጨው፣ ስቀመጥ ይወጋኝ ስለነበር ከዋናው ምግብ በፊት ክፍሌ ሄጄ ቀየርኩት። ተመልሼ ስመጣ አስተናጋጁ ምንም እንዳላየ ሆኖ ወንበሬን ሳበልኝ። የእነዚህ ሰዎች ጨዋነት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የመጨረሻው ማታ ሌላ ታሪክ አለው። ሻንጣችሁን ቁጥርና ቀለም ያለው ወረቀት አስራችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ኮሪደር ላይ ታወጣላችሁ። ሌሊት ይሰበስቡታል፤ ጠዋት ወደቡ ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ያን ቀን የራት ልብስ ማለት ጠዋትም የምትወርዱበት ልብስ ማለት ነው፣ ወይም በእጅ ቦርሳ የምትይዙት። ይህን ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «እሺ፣ እሺ» ብሎኛል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ አገኘሁት። በመኝታ ካናቴራ።

«ሱሪዎቼ የት አሉ?»

ሱሪዎቹ፣ ቁምጣዎቹ፣ ሸሚዞቹ፣ ነጠላ ጫማው፣ ሁሉም በሻንጣው ውስጥ ሆነው ወርደዋል። ክፍሉ ውስጥ የቀረ አንድ ልብስ ነበር። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነከረጢቱ፣ በእጅ እንይዘዋለን ብዬ ያስቀረሁት። ከሥሩ ጥቁሩ ጫማ።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከመርከቡ ወረድን። ሰው ሁሉ በቁምጣና በካናቴራ ነው። ባለቤቴ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ከውስጥ ካናቴራ። ከረጢቱ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ተጨማድዶ የሰነበተው ኮት ጀርባው ላይ እንደ ካርታ ተስሏል። አንድ ሕፃን ለእናቱ በጣቱ አሳየው።

መውረጃው አጠገብ እማዬ ደረሰኟን አወጣች። ያው የመጀመሪያው ማታ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ካውያዋን በሁለት እጁ አክብሮ ሰጣት። እማዬ ተቀበለች፣ ገመዱን አየች፣ ከዚያ ዞር ብላ አማቿን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ወደ ጥበቃው ተመለሰችና «ሶኬት የት ነው?» አለችው።

ይህችን አልተረጎምኩለትም።