ካሜራውን ሳይሆን ባትሪውን ጠይቁ፦ ከስልክ ጥገና የተማርኩት

ስልክ መጠገን የጀመርኩት ለመተዳደሪያ ብዬ አይደለም። ሥራዬ ሌላ ነው፤ ጥገናው የማታና የእሑድ ፍቅሬ ነው። ካቻቢቴና ወረንጦ ገዝታችሁ የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ እጄ የለመደውንና በዚያው ስለ ስልክ ግዢያችን ያመንኩበትን ነገር ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የተለማመድኩት በሞቱ ስልኮች ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ስክሪናቸው የረገፈ፣ ቦርዳቸው የተቃጠለ ስልኮች በትንሽ ብር ይገኛሉ። ለጀማሪ ከእነዚህ የተሻለ መምህር የለም፤ አበላሸዋለሁ የሚል ስጋት ስለሌለ እጅ አይንቀጠቀጥም። ቀድሞ የሚለመደው የብሎን ነገር ነው። በአንድ ስልክ ውስጥ ያሉ ብሎኖች ለዓይን አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከታሰረ ቦርዱን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ የስልኩን ቅርጽ ወረቀት ላይ እሥልና የፈታሁትን እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው በስኮች እለጥፋለሁ። አይፎን ላይ ደግሞ ከታች በኩል ያሉት ብሎኖች ራሳቸው ባለ አምስት ቅጠል ስለሆነ በተራው ካቻቢቴ አይፈቱም፤ ለእነሱ የሚሆን ራስ መግዛት ግድ ነው። ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ከሁሉ በፊት የሚነቀለው የባትሪው ማገናኛ ነው። ይህን ሕግ የማይጥስ ሰው ብዙ ቦርድ ያተርፋል።

አሁን ወደ ባትሪ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የኖኪያን ቢኤል-5ሲ ባትሪ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በ2003 በወጣው ኖኪያ 1100 እና በብዙ ወንድሞቹ ውስጥ የነበረ፣ 3.7 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ክዳኑን በአውራ ጣት ገፍቶ ማንሳት፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መክተት፣ መዝጋት፤ በቃ። ያ ባትሪ ዛሬም በትናንሽ ሬዲዮኖችና ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ ይገኛል። ስልኮቹ ከእጃችን ከወጡ በኋላ እንኳ ባትሪው በየሱቁ መሸጡን አላቆመም። ልኩ የታወቀና ማንም ሰው በራሱ የሚተካው ነገር ስለሆነ፣ ሌላውም አምራች ዕቃውን በእሱ ልክ ሠራ።

የሊቲየም ባትሪ በባሕርዩ የሚያልቅ ነገር ነው። በተሞላና በተራገፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ አቅም ያጣል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። አፕል ራሱ እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉት ባትሪዎቹ 500 ሙሉ ዙር ከሠሩ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ተደርገው የተሠሩ መሆናቸውን ይገልጻል፤ ከአይፎን 15 ወዲህ ቁጥሩ ወደ 1000 ከፍ ብሏል። በቀን አንድ ሙሉ ዙር ለሚጠቀም ሰው 500 ዙር ማለት አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ነው። ስክሪኑ፣ ቦርዱና ካሜራው ግን በአግባቡ ከተያዙ ከዚያ እጅግ ይረዝማሉ። ታዲያ ቀድሞ እንደሚያልቅ የታወቀውን ክፍል ከሌሎቹ ጋር በሙጫ አጣብቆ ማሸግ የምህንድስና ግዴታ ነው ብዬ አላምንም። ምርጫ ነው፤ ዋጋውን የምንከፍለውም እኛ ነን።

ሙጫው ውሃ ለመከላከል ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ሳምሰንግ በ2014 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ5 ጀርባው በጥፍር የሚከፈት፣ ባትሪው የሚወጣ ስልክ ሆኖ ሳለ አይፒ67 የሚባለውን ደረጃ ያሟላ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ኤስ6 በመስታወት ታሽጎ መጣ፤ ያንን የውሃ መከላከያ ደረጃ ግን አልያዘም። በ2022 የወጣው የሳምሰንግ ኤክስከቨር6 ፕሮ ደግሞ ከፍ ያለውን አይፒ68 ይዞ፣ ባትሪው እንደ ድሮው በእጅ ይወጣል። ማሸጉ ቅጥነትና ውበት እንዳስገኘ አልክድም። ውሃ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የታሸገ ባትሪ ስቀይር አሁን የምከተለው አካሄድ ይህ ነው። አስቀድሜ ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች እስኪወርድ እጠብቃለሁ፤ ሙሉ ባትሪ ከተጎዳ የሚለቀው ኃይል ብዙ ነውና። ጀርባውን በቀስታና በእኩል አሞቃለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ማተኮር መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ባትሪውን ለማላቀቅ ብረት ፈጽሞ አላስጠጋም። ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ የሆነ አልኮል ጥቂት ጠብታ በሙጫው ጠርዝ ላይ አድርጌ እጠብቅና በቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ቀስ እያልኩ አነሣለሁ። በብዙ አይፎኖች ላይ ከባትሪው ሥር የሚሳብ የሙጫ ጥብጣብ አለ፤ ዝቅ ባለ ማዕዘን፣ ሳይቸኩሉ ከሳቡት ሳይበጠስ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። በአይፎን 16 ላይ ደግሞ አፕል በ9 ቮልት ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚለቅ ሙጫ ተጠቅሟል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ አምራቾች ሲፈልጉ መላ እንደማያጡ ያሳያልና።

ያበጠ ባትሪ ላይ ግን ልለምናችሁ። እብጠቱ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲበላሽ የፈጠረው ጋዝ ነው። አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ዳግመኛም ቻርጅ አታድርጉት። እኔ አሸዋ ያለበት የብረት ዕቃ ከቤት ውጭ አዘጋጅቼ እዚያ ነው የማስቀምጠው። ክዳኑ ከጎን የተነሣ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚሽከረከር ስልክ በየቤቱ አለ፤ ባለቤቱ ግን ስለሚሠራለት ዝም ይለዋል። እናቶቻችንና አባቶቻችን እጅ ያሉትን ስልኮች ገልብጣችሁ እዩልኝ።

የአውሮፓ ኅብረት በዚህ በኩል የወሰደው እርምጃ እኛንም ይነካናል፤ አምራቾቹ የሚሠሩት ለዓለም ገበያ ነው፣ ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድም ስልክ ይዞ ይመጣል። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ እንዲደረጉ ተገድደዋል። ከጁን 20 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ የስማርት ስልክ ባትሪ ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ፣ መለዋወጫዎችም ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለሰባት ዓመት እንዲቀርቡ ይጠየቃል። የገበያው ጫና ያላመጣውን ሕግ አመጣው።

በየሰፈሩ ያሉ ጠጋኞችን ሳላመሰግን አላልፍም። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ባለሙያ ሱቃቸው ጥግ በርጩማ ሰጥተውኝ ሲሠሩ እንድመለከት ባይፈቅዱልኝ ኖሮ፣ ከቪዲዮ ብቻ ይህን ያህል አልደርስም ነበር። ውሃ የገባበት ስልክ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ሩዝ ውስጥ እንዳይጨምረው በትዕግሥት ያስረዳሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሩዝ ከቦርዱ ላይ ጨውና ዝገት አያነሣም፣ ብናኙ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ አፕልም በ2024 ይህንኑ አስጠንቅቋል። ወዲያው አጥፍቶ ወደሚከፍት ሰው መውሰድ ይሻላል። ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክም ብዙ ጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ ቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ ከኪስ የገባ ብናኝ ነው። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አጽዱት።

ስልክ ልንገዛ ስንሄድ የምንጠይቀው ካሜራው ስንት ሜጋ ፒክስል እንደሆነ ነው። ቴሌብር በ2021 ከመጣ ወዲህ ግን ስልክ የብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ ቀትር ላይ የሚጠፋ ስልክ ታክሲ ላይ፣ ሱቅ ላይ፣ መድኃኒት ቤት ላይ ያጉላላል። ለዚህ ነው ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ የምለው፦ ባትሪው እንዴት ይወጣል? የዚህ ሞዴል ባትሪ በከተማው ይገኛል? ስንት ብር ነው? መልስ የሌለው ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ጎራ በሉና እሱን ጠይቁ። የትኛው ስልክ ለመክፈት እንደሚመች፣ የትኛው መለዋወጫ እንደጠፋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት የቻርጅ ቀዳዳ መቀየር ነው፤ እግሮቹ ስስ ናቸው፣ ያለ ማጉያ መነጽር አይታዩም። የፋብሪካው ስታኞ (ክፍሎቹን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ቀላጭ ብረት) እርሳስ ስለሌለበት የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እርሳስ ያለበትን፣ በ183 ዲግሪ የሚቀልጠውን ስታኞ ከፍላክስ (ስታኞው በደንብ እንዲፈስ ከሚረዳው ቅባት) ጋር ስጨምርበት ግን ድብልቁ ቀድሞ ይለቃል፤ ቦርዱም ብዙ ሙቀት አይቀበልም። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ስትጨርሱም እጃችሁን ታጠቡ። ቀዳዳውን ካወጣችሁ በኋላ በቦርዱ ላይ የቀረውን ስታኞ ሳትጎዱ የምታጸዱበት የተሻለ መንገድ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ የምጠቀመው የመዳብ ሽሩባ ነው፣ ግን በዚያ ላይ ገና እጄ አልፈጠነም።