ሻለቃ ጦሩ ወደ ደቡብ ሱዳን ከመሄዱ በፊት የጤና ስጋቱን የገመገምኩት እንዲህ ነበር

ደቡብ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ጆንግሌ ግዛት ለሰላም ማስከበር ለሚሄድ ሻለቃ ጦር የጤና ስጋት ገምግም ስባል በእጄ የነበረው የበሽታ ዝርዝር ነው። ወባ፣ ቢጫ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ ኮሌራ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር። ልክ ነው፤ ግን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲሠራ እንደሚያዝ አይናገርም። ስለዚህ የሥራ ምድቡን ይዤ ከየክፍሉ ጋር ቁጭ አልኩ፦ ማማ ላይ የሚያድረው ማነው፣ የሚነዳውስ፣ ውሃ የሚያመጣውስ?

ወባ ላይ ነገሩ ቶሎ ለየ። አጎበር ለሁሉም ይታደላል። ሌሊት የሚጠብቀው ዘብ ግን አጎበሩን አልጋው ላይ ትቶ ነው የሚወጣው፤ የወባ ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው። ለሱ የሚያዋጣው ረጅም እጅጌ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያና ኪኒን ነው። የግምገማ ቅጹ ላይም «የት አደግክ?» የሚል ጥያቄ ጨመርኩ፤ ወባ በሌለበት ደጋ ያደገ ልጅ ሰውነቱ አልለመዳትም፣ ከያዘችው ቶሎ ትጥለዋለች።

ኪኒኑ ዶክሲሳይክሊን ነበር። በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከተመለሱም በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። በጾም ወቅት ጠዋት በባዶ ሆድ የዋጠው ያቅለሸልሸዋል፣ በማግስቱ ኪኒኗ ኪስ ውስጥ ትቀራለች። ጾም ፍታ አይባል ነገር! ሰዓቱን ወደ እራት አዞርነው፤ በብዙ ውሃ፣ አለቃው እያየ። ወዲያው መተኛት ግን የለም፣ ጉሮሮ ያቆስላል።

የቢጫ ወባ ክትባት ቀላሉ ነው፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አይደረስበትም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ወታደሩ ራሱ ይዞ የሚሄደውን በሽታ ነው። ሄይቲ ላይ በ2010 ኮሌራ የገባው በሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ፍሳሽ ነው፣ ብዙ ሺህ ሰው ሞቷል። ስለዚህ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድና የወንዙን ርቀት ግምገማው ውስጥ አስገባሁ። «ይሄ የመሐንዲስ ሥራ ነው» ያሉኝ ነበሩ፤ አልተስማማሁም።

ቀጥሎ መንገድ። ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና ስለማያሳልፍ፣ በበጋ ቀላል የሆነ ጉዳት ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ያስጠብቃል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ግምት የጻፍኩት፣ አንድ ለበጋ፣ አንድ ለክረምት።

ለተመላሾች ደግሞ አጭር ወረቀት አዘጋጀን። ካላዛር ወራት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ልጁ እረፍት ላይ፣ አገሩ ገብቷል፤ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ወረቀቱ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪሙ ባይጠይቅህም ደቡብ ሱዳን ነበርኩ በል።