በቁራጭ ወረቀት ላይ

ጠዋት ስነቃ አስቀድሜ የግራ ክንዴን እዳስሳለሁ። ሐኪሞቹ ለኩላሊት እጥበት ብለው ደም ቅዳውንና ደም መልሱን ባገናኙበት ቦታ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ሲጠራ እንደሚነዝረው ያለ ንዝረት ይሰማኛል። ንዝረቱ ካለ መስመሩ ይሠራል ማለት ነው። ተመስገን ብዬ እነሳለሁ።

የኩላሊት እጥበት ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሚመከረው በሳምንት 3 ጊዜ ነው፤ የእኔ አቅም የሚችለው ግን 2 ነው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት 4 ሰዓት። ከመርፌው ይልቅ የሚከብደኝ ጥሙ ነው። የጠጣሁት ሁሉ እዚያው ሰውነቴ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ የቀኑን ውሃ በስኒ እየለካሁ እጠጣለሁ። ሐምሌ ላይ በቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ እየሰማሁ፣ በረዶ እየመጠጥሁ ያነጋሁት ሌሊት አለ።

በመጀመሪያው ዓመት ጠያቂው ሁሉ «ለበጎ ነው» ይለኝ ነበር። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያቆስለኝ ነበር። ዛሬም ለበጎ ነው አልልም። የኩላሊቴ መድከም ለማንም አልበጀም።

አጠገቤ ወዳለው አልጋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ መጣ። ለሳምንታት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። አንድ ማክሰኞ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ግራ እጄ በመርፌ ተይዟል፤ በቀኜ ከመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ አንድ እኩልታ ጻፍሁለት። ሲፈታው ግንባሩ ላይ የነበረው መኮሳተር ቀስ እያለ ሲለቅ አየሁ። ማሽኑ ሲጮህ ሁለታችንም ደነገጥን፤ 4ቱ ሰዓት አልቆ ነበር።

የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ትዝ አለኝ። በናዚ ማጎሪያ የመጽሐፉን ረቂቅ አጥቶ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. በታይፈስ ትኩሳት እየነደደ፣ አእምሮውን እንዳይስት ሌሊት ነቅቶ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ መልሶ ይጽፈው ነበር። እርሱም ቢሆን ስቃይን አላወደሰም፤ ሊወገድ የሚችለው ስቃይ መወገድ አለበት ባይ ነው። እኔን የያዘኝ ያ ቁራጭ ወረቀት ነው። «ለምን እኔን?» የሚለው ጥያቄዬ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ቅዳሜ ትሪጎኖሜትሪ እንጀምራለን። ሦስት ጥያቄ አዘጋጅቼለታለሁ። አራተኛው ሥዕል ስለሚፈልግ፣ አሁን ማስመሪያዬን ልፈልግ።